የጥንት ገንዘብ ዋጋ በሚዛን ብቻ አይታወቅም

የአንድ መንግሥት ልዕልና ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ በራሱ ንጉሥ ስም የተመታ ገንዘብ ነው። ዐዋጅ የሚሰማው በአገር ወሰን ውስጥ ነው፤ ገንዘብ ግን ወሰን ተሻግሮ በባዕድ ገበያ ሳይቀር የባለቤቱን ስም ያሰማል። አገራችን ኢትዮጵያ ይህን ምልክት አስቀድመው ከያዙት መንግሥታት አንዷ ናት። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ይኸውም ከልደተ ክርስቶስ በኋላ ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ፣ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ሲያስመቱ ኖረዋል። ከብዙ ዘመን በኋላም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ 1887 ዓመተ ምሕረት የተጻፈበትን ብር በስማቸውና በመልካቸው በፓሪስ አስመትተዋል።

ከእነዚህ ገንዘቦች ብዙዎቹ ዛሬም በየአድባራቱና በየገዳማቱ ዕቃ ቤት፣ በየሽማግሌውም ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። አንዳንዶቹም ገበሬ ሲያርስ፣ ሠራተኛም ለቤትና ለመንገድ መሠረት ሲቈፍር ከመሬት ይወጣሉ። ነገር ግን ከተገኙ በኋላ ከሦስት ጥፋቶች በአንዱ ይጠፋሉ። አንደኛው፣ ያብረቀርቅ ተብሎ በዐመድና በሎሚ መፈተግ ነው። ሁለተኛው፣ ጌጥ ወይም መስቀል ይሠራበት ተብሎ በአንጥረኛ እሳት መቅለጥ ነው። ሦስተኛው፣ ምንነቱ ሳይመረመር በብር ሚዛን ብቻ ተገምቶ መሸጥ ነው። የሦስቱም ምንጭ አንድ ነው፤ እርሱም የጥንት ገንዘብ ዋጋ በማዕድኑ ክብደት ብቻ የሚለካ መስሎ መታየቱ ነው። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም ለባለንብረቱ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለአገር ጕዳት መሆኑን ለማስረዳት ይህን እንጽፋለን።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሦስት ገንዘቦችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው አባቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት፣ በራስዋ ዘመን የተመታው ነው። ሁለተኛው ያው ጠገራ ብር ሆኖ፣ ከሞተች ከብዙ ዘመን በኋላ የተመታው ነው። ሦስተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። ጠገራው 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። የምኒልክም ብር ከጠገራው ጋራ በገበያ እኩል እንዲሄድ ታስቦ የተመታ ስለ ሆነ፣ ክብደቱም ንጹሕ ብሩም ከዚያው ጋራ የተቀራረበ ነው። እንግዲህ አንጥረኛው ሦስቱን በሚዛን ቢያስቀምጣቸው አንድ ዋጋ ይሰጣቸዋል። ገንዘብን የሚመረምር ዐዋቂ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ዋጋ ይሰጣቸዋል።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ንግሥት ማርያ ትሬዛ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1780 ዓመት አረፈች። ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ብር ሁሉ ግን ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ቀርቷል። የምሥራቅ ነጋዴዎች ይህን ገንዘብ ስለ ለመዱና ስለ አመኑ፣ መልኩም ዓመቱም እንዳይለወጥ ሆኖ በቪየና፣ በሚላኖና በቬኔስያ ተመታ። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ አስመታች፤ በሚከተለውም ዓመት የለንደን ገንዘብ መምቻ ቤት ይህንኑ ሥራ ጀመረ፤ ፓሪስና ብራስልም ተከተሉ። የኦስትሪያ ገንዘብ መምቻ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ይመታዋል። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን የሚበልጥ እንደ ተመታ ይገመታል። ስለዚህ 1780 የሚለውን ቍጥር አይቶ «ይህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቈየ ነው» ብሎ መፍረድ አይቻልም። በንግሥቲቱ ዘመን የተመታው ጥቂት ነው፤ ኋላ የተመታው እጅግ ብዙ ነው። የምኒልክ ብር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋራ ሲተያይ ጥቂት ነው፤ በግእዝ ፊደል የንጉሠ ነገሥቱ ስም፣ በግእዝ ቍጥርም ዓመቱ ተጽፎበታልና ለእኛ ያለው ክብር ከሌላው ይለያል።

የጥንት ገንዘብ በእጁ የገባ ሰው አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ የማን ገንዘብ ነው? እውነተኛ ነውን? ምን ያህል አልቋል? ከየትስ መጣ? እነዚህ አራቱ ሳይመለሱ ዋጋ የሚነግር ሰው ቢኖር፣ ወይ አላወቀም፣ ወይ ሊያተርፍበት ፈልጓል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በጽሕፈቱና በምስሉ ይገኛል። በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከማንም ይልቅ የተመቹ ናቸው፤ የአክሱም ገንዘብ ግእዝ በጽርእ ፊደል አጠገብ የሚነበብበት ሰነድ ነውና። በወርቁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በጽርእ ነው፤ በብሩና በነሐሱ ላይ ግን ግእዙ እየበዛ መጥቷል። ንጉሥ አርማሕ ባስመታው የነሐስ ገንዘብ ላይ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» የሚል ቃል ይነበባል። ይህን በጣት ጫፍ የሚያህል ነሐስ ላይ የተጻፈ የንጉሥ ምኞት፣ ግእዝ የሚያውቅ ካህን ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል። በምኒልክም ብር ላይ ዓመቱ ፲፰፻፹፯ ተብሎ ሲገኝ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ወደ ፈረንጆቹ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት መጨመር ይገባል። የአንበሳውም አቋቋም መታየት አለበት፤ አንሥቶት የሚታየው እጅ በአንዳንዱ ግራው፣ በአንዳንዱ ቀኙ ነውና፣ ይህ ልዩነት አንዱን የምት ዓይነት ከሌላው ይለያል።

ሁለተኛው ጥያቄ እውነተኛነት ነው። አባቶቻችን በዚህ ሥራ ሰነፎች አልነበሩም። የጥንት ነጋዴ ጠገራ ብር ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥር ነበር፤ ዕንቍዎቹ ተፍቀው የማይታዩበትን አይቀበልም ነበር። ዛሬ ደግሞ ከዚህ ሌላ ግራም የሚለይ ሚዛን በቀላሉ ይገኛል። በሚዛን ላይ የሚጐድል ጠገራ ወይም የምኒልክ ብር ያለ ልክ አልቋል፣ ወይም ተቈርጧል፣ ወይም ሐሰተኛ ነው። ሚዛኑ ቢሞላም በቀጭን ክር አንጠልጥሎ በውሃ ውስጥ መመዘን ይቻላል። 28 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ጠገራ በውሃ ውስጥ ሲመዘን 2 ግራም ከሦስት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ቢጫ ናስ በብር የተቀባ ቢሆን ግን ከ3 ግራም በላይ ይቀንሳል። ይህ ዘዴ ለብር ገንዘብ እንጂ ከመሬት ለወጣ ነሐስ አይሆንም፤ የቈየ ነሐስ እርጥበት ያበላሸዋልና።

ሚዛኑም ውሃውም ያለፈው ሁሉ ደግሞ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በመልካም ብር የተሠራ ሐሰተኛም አለ። ስለዚህ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር መመልከት ያስፈልጋል። በመምቻ የተመታ ገንዘብ ፊደሉ የተቈረጠ ያህል ጥርት ይላል። በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ግን ፊደሉ ይድበሰበሳል፤ በገጹ ላይ ጥቃቅን የአረፋ ቀዳዳ ይታያል፤ በጠርዙም ዙሪያ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መሥመር ይገኛል። በጠገራው ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ቃል ዙሪያውን ተጽፏል። ይህ ጽሕፈት የሌለበት ወይም የተዛባበት ጠገራ ሊያጠራጥር ይገባል።

የአክሱም ወርቅ ግን በክብደት ሲመረመር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ያስመቱት ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከንጉሥ ኢዛና ዘመን ወዲህ ወደ 1.6 ግራም ዝቅ ብሏል። ስለዚህ የንጉሡን ስም ሳያነቡ «ክብደቱ ጐድሏልና ሐሰተኛ ነው» ማለት እውነተኛውን መጣል ይሆናል።

ሦስተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ሁኔታ ነው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ያለው ክፍል ነው። በምኒልክ ብር ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጕንጭና የዘውዱ ጌጥ፣ በጀርባውም የአንበሳው ጎፈር አስቀድመው ይለሰልሳሉ። ጎፈሩ ጠጕር ጠጕሩ የሚለይ ከሆነ ገንዘቡ በገበያ ብዙ አልዞረም፤ አንድ ለስላሳ ጉብታ ሆኖ ከቀረ ብዙ ዞሯል። ዊልያም ሼልደን የተባለው አሜሪካዊ በ1949 ለአገሩ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ አወጣ፤ ዛሬ በብዙ አገር ገንዘብ ሰብሳቢዎች የሚነጋገሩበት በዚሁ ነው። ቍጥሩን ማወቅ ለባለሙያ ይተው፤ ሐሳቡን ማወቅ ግን ለሁሉ ይጠቅማል። አንድ ዓመትና አንድ ክብደት ያላቸው ሁለት ብሮች፣ አንዱ ምቱ ሳይደመሰስ ሌላው ተፍቆ ቢገኙ፣ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከፋውን ጥፋት እንናገር። የቈየ ብር ጥቁር ወይም ግራጫ ቀለም ይለብሳል። ይህ ቀለም በአየር ውስጥ ያለው ድኝ በብሩ ላይ የሚያመጣው ስስ ሽፋን ነው፤ ገንዘቡን አይበላውም፤ በዘመን ብዛት በራሱ የመጣ መሆኑንም ይመሰክራል። ይህን ሽፋን በዐመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ የሚፈትግ ሰው ከሽፋኑ ጋራ የብሩን ገጽ ይፍቃል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም ገጹ በጥቃቅን ጭረት የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ያ ጭረት በምንም ጥበብ አይመለስም። ገዢው አብረቅራቂውን ሲያይ ደስ የሚለው ይመስላል፤ ዐዋቂ የሆነ ገዢ ግን ያንኑ አይቶ ዋጋውን ይቀንሳል።

አንዳንድ ካህናት «የእግዚአብሔር ቤት ዕቃ ሊነጻና ሊያበራ ይገባዋል፤ ለምን በጥቁረቱ እንተወዋለን?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው የመንፈሳዊ ቅንዓት ጥያቄ ነውና በትሕትና መልስ ይገባዋል። ጽዋው፣ ጻሕሉና መስቀሉ የአገልግሎት ንዋያት ናቸው፤ ለአገልግሎት ክብር ይወለወላሉ። ገንዘቡ ግን የሚቀደስበት ዕቃ አይደለም፤ የምስክርነት ሰነድ ነው። በቤተ መዛግብት ያለውን የቈየ ብራና ያንጻ ብሎ በውሃ የሚያጥብ ሊቅ የለም። ገንዘቡም የብረት ብራና ነውና እንደዚያው ሊታይ ይገባዋል።

ይልቁንም በአክሱም ገንዘብ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ የከበደ ነው። የአክሱም አንጥረኞች በአንዳንዱ የብርና የነሐስ ገንዘብ ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ ያለብሱ ነበር። ይህ በዘመኑ ከነበሩት መንግሥታት ገንዘብ የአክሱምን የሚለይ ጥበብ ነው። ከመሬት የወጣውን ነሐስ አረንጓዴ ዝገት አለው ብሎ በሎሚ የሚያጥብ ሰው፣ ከዝገቱ ጋራ ያንን ወርቅ ያጥባል። ደግሞም ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ሲቀበል፣ ቀድሞ በገንዘቡ ራስ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ በስፍራው መስቀል ገብቷል። ሕዝባችን ከጣዖት ወደ እግዚአብሔር የተመለሰበት ታሪክ፣ ከአንድ ገብስ ቅንጣት በማይበልጥ በዚያ ምልክት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንን ስፍራ በአሸዋ የሚፈትግ እጅ፣ ሳያውቅ የእምነቱን ምስክር ይደመስሳል።

አራተኛው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ነው። ይህ ለሻጩ ቀላል ይመስላል፤ ለታሪክ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በየመን፣ አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ፣ ከ1000 የሚበልጡ የወርቅ ገንዘቦች ባንድነት ተገኙ። አብዛኞቹ የአክሱም፣ የቀሩት የሮም ነገሥታት ነበሩ። የሮም ነገሥታት ዘመን የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከእነርሱ ጋራ አብረው የተቀበሩት የአክሱም ነገሥታት ቅደም ተከተል በዚያ ሊመረመር ተቻለ። ያ ክምችት አንድ አንዱ እየተነጠለ በየገበያው ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ወርቁ አይጠፋም ነበር፤ ዕውቀቱ ግን በጠፋ ነበር። እንግዲህ አንድ ገበሬ በማሳው ያገኘውን አንድ የነሐስ ገንዘብ፣ ከየት ማሳ፣ ከምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ሸክላ ጋራ እንደ ወጣ ሳይመዘገብ ለመንገደኛ ሲሸጠው፣ ገዢው የሚያገኘው ነሐሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሕግም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209/1992 በቍፋሮ፣ በግንባታም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሁሉ ያገኘውን ሳይነካ ጠብቆ ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዛል። ያለ ፈቃድም ቅርስን ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ሕጉ በመዝገብ ያለ ቢሆንም፣ ገበሬው የሚሰማው ከወረዳው ሹም ወይም ከደብሩ አለቃ አፍ ካልሆነ ከማን ሊሆን ይችላል? ሹሙ ራሱ በመንገድ ሥራ ላይ የተገኘውን እንስራ ሙሉ ገንዘብ እንደ ቍርጥራጭ ብረት ካየው፣ ዐዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ድኻ ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ ሸጦ ልጁን ቢያስተምርበት ምን ክፋት አለው?» ይባላል። ክፋት የለውም። ከአያት የተወረሰው ሁሉ ከመሬት የተቈፈረ ቅርስ አይደለም፤ በሚሊዮን ተመትቶ የተሠራጨው ጠገራ ሁሉም በመዘክር መቀመጥ አለበት ብለንም አንፈርድም። የምንለው፣ ሳይመረመር አይቅለጥ፣ ሳይታወቅም አይሸጥ ነው። ድኻውን የሚጐዳው መሸጡ ሳይሆን ሳያውቅ መሸጡ ነው፤ ባለጠጋ ገዢ በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ይገዛል፤ ድኻው ግን ያችን አንዲት ብር የሚሸጣት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አያቱ ወርቅ አበድረውት ጠጠር እንዳይቀበል፣ ከመሸጡ በፊት የሚጠይቀው ታማኝ ሰው ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ነው። በየደብሩ ዕቃ ቤት ያለው የጥንት ገንዘብ በንዋያተ ቅድሳቱ መዝገብ ውስጥ ራሱን የቻለ ዐምድ ይኑረው፤ ክብደቱ፣ ስፋቱ፣ በሁለቱም ገጽ ያለው ጽሕፈትና ምስል፣ ማን እንደ ሰጠው የሚታወቅ ከሆነም የሰጪው ስም ይጻፍ፤ ፎቶግራፉም ይያያዝ። በሌላ ሳይሆን በደረቅ ንጹሕ ወረቀት ለየብቻው ተጠቅልሎ፣ እርጥበት በማይደርስበት ይቀመጥ። ሲያዝም በጠርዙ እንጂ በገጹ አይያዝ፤ የጣት ላብ ምልክት ይተዋልና። በነሐስ ገንዘብ ላይ የሚረግፍ አረንጓዴ ዱቄት ከታየ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥና ባለሙያ ይጠራ። አለቃውና ገበዙ ሲለዋወጡ ቆጥረው ይረካከቡ።

የወረዳ ባለሥልጣኖችም ሥራ ተቋራጮች ቍፋሮ ከመጀመራቸው በፊት የዐዋጁን ትእዛዝ በቃልም በጽሑፍም ያስታውቋቸው። ገንዘብ አግኝቶ በታማኝነት ያስታወቀ ገበሬ በሕዝብ ፊት ይመስገን፤ በእስርና በጥርጣሬ የሚቀበሉት ከሆነ ሁለተኛ የሚያስታውቅ አይገኝም። አንጥረኞችም ተሰብስበው ይመከሩ፤ ጽሕፈት ያለበት የቈየ ገንዘብ ለማቅለጥ የመጣላቸው እንደ ሆነ ባለቤቱን አስቀድሞ እንዲያስመረምር ቢመልሱት፣ ከማንም የበለጠ ለአገር ታሪክ ይሠራሉ። መስቀል ለማሠራት ብር የፈለገች ቤተ ክርስቲያንም ያልተጻፈበትን ብር ብታቀልጥ መስቀሉ አያንስም።

በወንጌል የተነገረላት ሴት ከዐሥሩ ድሪም አንዱ በጠፋባት ጊዜ መብራት አብርታ፣ ቤትዋን ጠርጋ፣ ተግታ ፈለገችው። እኛ ግን በእጃችን ያለውን በገዛ እጃችን እየፈተግንና እያቀለጥን ነው። በየደብሩና በየወረዳው ያላችሁ አለቆችና ሹማምንት፣ በዚህ ዓመት መዝገባችሁን ገልጣችሁ ያላችሁን ቍጠሩ፤ ያልተጻፈውን ጻፉ፤ የማታውቁትን ሳታጥቡ ለሚያውቀው አሳዩ።